በሯ ካልተከፈተ ማን ያንኳኳል?

በካዛንቺስ የድሮ ግቢዎች ውስጥ የሴት ልጅ ጤና አስቀድሞ የሚመረመረው በጆሮ ነበር። የጭቃው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ፣ ሌሊቱን ስትስል ያደረች ሴት ጠዋት ቧንቧው ዘንድ ስትደርስ ሳሏ ቀድሟት ተወርቶ ይጠብቃታል። «ትናንት ደግሞ ባሰብሽ፤ መቼ ነው የምትታዪው?» ትላታለች አንዷ። «ልጆቹን ተያቸው፣ እኔ ጋ ይበላሉ» ትላታለች ሌላዋ። በሯ እስከ ሦስት ሰዓት ካልተከፈተ ይንኳኳል። ቡና መቁላት ካቆመች ምክንያቱ ይጠየቃል። እኔ ያደግሁት ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት እንጋራ ነበር። ጣሪያው ያፈስሳል፣ መጸዳጃ ቤቱ ራሱ የበሽታ ምንጭ ነበር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከሕፃናቱ አንዱ በሳንባ ምች ይታመማል። ያንን ማንም እንዲመልስብን አልፈልግም። ነገር ግን ያ ግቢ አንድ ነገር ያውቅበት ነበር፤ ሴት ብቻዋን እንዳትታመም ማድረግ።

ስለ ሴቶች ጤና ስንነጋገር ሆስፒታል፣ መድኃኒትና ሐኪም እናነሣለን፤ ማንሣታችንም ተገቢ ነው። እኔ የምጨምረው አለኝ። በአንዲት ሴት ዙሪያ ያሉት ሰዎች፣ ጎረቤቷ፣ ማኅበርተኛዋ፣ ቡና አጣጪዋ፣ የጤናዋ ክፍል ናቸው። ሰፈር ሲፈርስና ሲሠራ፣ የጤና አገልግሎት ሲታቀድ፣ በጀት ሲመደብ ሊቆጠሩ ይገባል እላለሁ።

ሳይንሱ ይህን ማጥናት ከጀመረ ቆይቷል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ በተባለ አካባቢ የሚኖሩ ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ። ትዳር አላችሁ? በየጊዜው የምታገኟቸው ዘመዶችና ወዳጆች አሏችሁ? የሃይማኖት ጉባኤ ወይም የማኅበር አባል ናችሁ? ሊሳ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም የተባሉ ተመራማሪዎች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማን በሕይወት እንደቆየ፣ ማን እንደሞተ አመሳክረው ውጤቱን በ1979 አሳተሙ። ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት እጅግ የላላ ሴቶች በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከጠነከረው ሴቶች 2.8 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በወንዶቹ 2.3 እጥፍ ነበር። ማጨስና መጠጣት፣ ገቢ፣ መጀመሪያ ላይ የነበረው የጤና ሁኔታ ሁሉ ግምት ውስጥ ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም።

ያን ጥናት ሳነብ በዓይኔ የመጣብኝ የግቢያችን ቧንቧ ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ በአንድ የጠየቁት ነገር የእናቶቻችን የዘወትር ኑሮ ነበር። እናቴ ዕድርተኛ ናት፣ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናት፣ እቁብ ትጥላለች። አቦል ከአንዷ ቤት ጠጥታ በረካው ከሌላዋ ቤት የሚደርስባት ቀን ብዙ ነው። እነዚህን ነገሮች «ባህላችን» ብለን በበዓል ቀን ስናሞግሳቸው ኖረናል፤ በጤና ረገድ ምን እየሠሩ እንደሆነ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

አንዱን ሥራቸውን በቤቴ አይቼዋለሁ። እናቴ የደም ግፊት አለባት። አንድ ማለዳ የግድግዳ ጎረቤታችን እንደ ልማዷ «እንዴት አደርሽ?» ስትላት እናቴ መለሰችላት፤ መልሱ ግን ተንተባተበ። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም፤ ስትሮክ የሚባለውን ሕመም በዚያን ጊዜ በስሙም አታውቀውም። የምታውቀው የእናቴን ድምፅ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በየማለዳው የሰማችው ድምፅ ተለወጠባት። ጀበናዋን እንደተጣደ ትታ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ እናቴን በብብቷ ደግፋ ወጥታ ታክሲ አስቆመች። እኔ ከሥራ ተጠርቼ ስደርስ ምርመራው ተጀምሮ ነበር። በዚህ ሕመም ያለ ሕክምና የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት የሚጎዳውን የአንጎል ክፍል ያሰፋዋል። ዛሬ የእናቴ እጅ ይታዘዝላታል፤ እንጀራዋን ራሷ ትጋግራለች። ሐኪሞቹን አመሰግናለሁ፤ የመጀመሪያዋ መርማሪ ግን ያቺ ጎረቤታችን ነበረች።

ሌላው ሥራ በሰውነት ውስጥ ስለሚከናወን ለዓይን አይታይም። በጭንቀት ጊዜ ሰውነታችን የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ለአጭር ጊዜ ይጠቅሙናል፤ ሳያባሩ ሲሰነብቱ ግን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ እንቅልፍ ይነሣሉ፣ ልብን ያደክማሉ። የሚታመን ሰው ከጎን መኖሩ ይህን ያረግበዋል። ጄምስ ኮአን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት 16 ባለትዳር ሴቶች በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ሆነው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ተነገራቸው። የባላቸውን እጅ በያዙ ጊዜ አንጎላቸው ለሥጋቱ የሚሰጠው ምላሽ ቀነሰ፤ በተለይ ትዳራቸው የሰመረ ሴቶች ላይ ልዩነቱ ጎላ ብሎ ታየ። ልቅሶ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ሴቶች ከሐዘንተኛዋ ጎን ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይናገሩ እጇን ይዘው ይቆያሉ፤ ትንፋሿም ቀስ በቀስ ይረጋጋል።

ወሊድ ላይ ደግሞ ነገሩ ፊት ለፊት ይታያል። በአያቶቻችን ዘመን ምጥ የያዛትን ሴት ሴቶች ከብበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይጠብቋት ነበር። ጀርባዋን የምታሽላት፣ ውኃ የምታሞቅላት፣ አይዞሽ የምትላት አታጣም። በዚያው ዘመን ስንት እናት ደሟ እየፈሰሰ፣ የሚያድናት ባለሙያ በማጣት ብቻ ሞታለች። የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 መውረዱን አሳይቷል። በጤና ተቋም መውለድ እየተለመደ መምጣቱ ትልቅ በረከት ነው። የሚያንገበግበኝ እናቲቱን ወደ ውስጥ ስናስገባ ሴቶቿን ከበር መመለሳችን ነው።

በጓቲማላ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት አለ። በምጥ ጊዜ ከጎናቸው ተቀምጣ እጃቸውን የምትይዝ፣ ጀርባቸውን የምታሽና የምታጫውታቸው ሴት የተመደበችላቸው እናቶች ሆስፒታል ገብተው እስኪገላገሉ በአማካይ 9 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ያልነበራቸው ግን ከ19 ሰዓት በላይ ቆዩ። ያቺ ሴት ሐኪምም አዋላጅም አልነበረችም፤ ከእናቶቹ ጋር የቀደመ ትውውቅ እንኳን አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ በበርካታ አገሮች ተመሳሳይ ጥናቶች ተደርገው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያው እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁበት ሆስፒታል ይህን አይፈቅድም ነበር። እናቴና ታላቅ እኅቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ከአጥሩ ውጭ አደሩ፤ እኔ ውስጥ ስማቸውን እጠራለሁ። ምክንያቱን ስጠይቅ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የሌሎች እናቶች ገመና ይታያል ተባልሁ። እውነት ነው፤ ጠባብ ነበር። ታዲያ በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ መስቀል ይህን ያህል ከባድ ነው? የምጥን ሰዓት የሚያሳጥር፣ ምንም ገንዘብ የማይጠየቅበት እርዳታ ፔርሙስ ይዞ ደጅ ላይ ቆሟል።

ከወሊድ በኋላ ያለውን ሥርዓት አያቶቻችን በብልሃት ሠርተውታል። አራስ ብቻዋን አትተውም። እነርሱ የሚሰጡት ምክንያት ክፉ መንፈስ እንዳይለክፋት የሚል ነው፤ ሥርዓቱ ግን ደም ሲበዛባት፣ ትኩሳት ሲነሣባት፣ ወይም ያለ ምክንያት ስታለቅስና ልጇን ማቀፍ ሲያስጠላት የሚያይ ዓይን ከጎኗ አኖረላት። ገንፎው ለአራሷ ይገነፋል፤ የምታገነፋው ሴት ደግሞ ሳታስበው ትከታተላታለች። አሁን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሏ ሥራ ውሎ እስኪመለስ ከጨቅላ ልጇ ጋር ተቆልፋ የምትውለውን አራስ ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ክርስትናው በ40 እና በ80 ቀን ይደረጋል፤ ድግሱም ይደምቃል። ከዚያ በፊት ያሉትን ረጃጅም ቀናት አብሯት የሚውለው ማነው?

ስለ ድብርት እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ፤ በዓለም ዙሪያ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃ ሕመም ነውና። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በለንደን ካምበርዌል የሚኖሩ ሴቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ሥራ፣ ከባድ መከራ ሲደርስባቸው በድብርት የሚወድቁትንና የማይወድቁትን ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ልብን ከፍቶ የሚያዋዩት የቅርብ ሰው መኖር መሆኑን አሳይተዋል። የሰው ብዛት ያንን አይተካም። ይህ ለእኛ አገር ሴቶች የተጻፈ ይመስለኛል። ቤቷ ሰው የማይታጣበት፣ ስልኳ የማያርፍ፣ በየድግሱ የምትጠራ፣ ግን ባሏ እንደሚደበድባት ለአንድ ሰው እንኳን ያልተናገረች ሴት አውቃለሁ። ገበናን መሸፈን እንደ ጨዋነት ተምረን አድገናል። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ስትኖር የፈጀው ሆዷን ሳይሆን እርሷን ነው። ስለዚህ ስለ ትስስር ሳወራ ስንት ሰው ታውቂያለሽ ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው፣ እውነቱን ብትነግሪው የማይንቅሽ፣ የማያወራብሽ አንድ ሰው አለሽ ወይ ማለቴ ነው።

ይህ ትስስር ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡን የሚከፍሉትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሐዘን ሲደርስ ወንዶቹ ድንኳን ተክለው፣ ወንበር ደርድረው ካርታ ይጫወታሉ። ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ዕዝን ያቀርባሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፤ ሲመሽ ወደ ቤታቸው ተመልሰው እራት ይሠራሉ። የቀረች ትቀጣለች፤ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ስሟ ይነሣል። ወገቧን የምትታመም፣ ቀን ሙሉ ጉሊት ውላ የምትገባ፣ የሌሎችን መከራ የራሷ ላይ ደርባ የምትሸከም ሴት ከዚህ መረብ የምታገኘው ድካም ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሊሳ በርክማን ራሷ ከኢቺሮ ካዋቺ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ጽሑፍ ይህንኑ ጠቁማለች፤ አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሴቶች የሌላውን ሸክም የመሸከም ግዴታ የአእምሮ ጤናቸውን ሊጎዳ ይችላል። ወንዶች ድስት ፊት ቢቆሙ፣ ሳህን ቢያጥቡ ማንም አይሞትም። ይህን በዕድራችን ጉባኤ ላይ ተናግሬዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

ሐሜትም አለ። ኤች አይ ቪ በከተማችን በተስፋፋባቸው ዓመታት ብዙ ሴቶች ውጤታቸውን ከቫይረሱ ይልቅ ጎረቤትን ፈርተው ደበቁ። ዕቃቸው ተለየ፣ ቡና የሚያጣጣቸው ጠፋ። ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር እንኳን የሰፈር ሰው እንዳያያቸው ሩቅ ጤና ጣቢያ ሄደው የሚወስዱ ነበሩ። ነገር ግን በዚያው ዘመን የተከሰተ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ እጅግ የምኮራበት። ለቀብር የተቋቋሙ ዕድሮች፣ አባሎቻቸው በወጣትነታቸው ሲያልቁ አይተው፣ ደንባቸውን መለወጥ ጀመሩ። በሞተ ጊዜ የሚከፈለውን ገንዘብ በሕይወት ሳለ ለመታከሚያ የሰጡ፣ ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚ ያጠቡና የመገቡ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን የደገፉ ዕድሮች ነበሩ። ያንኑ የሚያቆስል መረብ ማከም እንዲችል ያደረገው የደንብ ለውጥ ነው። ደንብ ደግሞ ሰው የሚጽፈው ነገር ነው።

ከዕድር ጉባኤ ይልቅ የዕለት ወሬ ብርቱ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት አስቀድማ የምትነግረው ለማን ነው? ለእኅቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለቡና ጓደኛዋ። ያቺ ሴት «ነገ አብረን እንሂድ» ካለች አንድ ነገር ነው፤ «ቢላ ከነካው ይሰራጫል፣ ቅጠል እናድርግበት» ካለች ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ የጡት ካንሰር የያዛቸውን 2,835 አሜሪካውያን ነርሶች የተከታተለ ጥናት፣ ከሰው ተነጥለው የኖሩት በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ሰው ከበዛላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። እነዚህ ሴቶች ነርሶች ናቸው፤ የሕክምና ዕውቀት አላጡም። ያጡት ዘመድ፣ ወዳጅ፣ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ከክፍለ ሀገር ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ መጥታ በከተማው የምታርፍበት ዘመድ የሌላት ሴት ምን እንደሚያጋጥማት መገመት አይከብድም።

ስልኩን ብዙዎች ተጠያቂ ያደርጉታል። እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። ሰውነቷን ከማያልቁ የቪዲዮ ውበቶች ጋር እያነጻጸረች ራሷን የጠላች ልጅ በቤተሰቤ አለች። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ልጄ አልጠባ አለኝ» ብላ ጽፋ ወዲያው ከማታውቃት እናት መልስ አግኝታ የተረጋጋች የሥራ ባልደረባም አለችኝ። ስልክ ማጽናናት ይችላል፤ ምላስ መተሳሰሩን ግን እንደ ጎረቤታችን በር ላይ ቆሞ አይሰማም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ የመሐል ከተማው መፍረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ተነሣ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፤ አዲሶቹ ቤቶችም በየቤቱ ውኃና መጸዳጃ አላቸው። ለሴት ጤና ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሌሊት ጓሮ ወጥታ የማትፈራ ሴት ክብሯ ተጠብቋል። ከካዛንቺስ ከተነሡት ብዙዎቹ ገላን ጉራ በአንድ አካባቢ መስፈራቸውም ትክክለኛ ነገር ነው፤ ዕድራቸውን ይዘው የመሄድ ዕድል አግኝተዋልና። ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነላቸውም። የእኛ ግቢ ስድስት ቤተሰብ ዛሬ በአራት የተለያዩ ሰፈሮች ተበትኗል። ተከራዩ አንድ ቦታ፣ ባለይዞታው ሌላ ቦታ፣ ደባሉ ደግሞ ራሱ ወደ ቻለበት። ቀደም ሲልም በ1997 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ቤቱን በዕጣ ሲያድል ጎረቤትንም በዕጣ አድሏል። የእናቴን ድምፅ የምታውቀው ሴት አራብሳ ናት። ሁለቱ ለመገናኘት ሦስት ታክሲ ይቀያየራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጎዳ ገልጿል። ይህን ዓይነቱን ዜና የሌሎች አገሮች ነገር አድርገን ስንሰማ ቆይተናል። የፈረሰ ግቢ ግን ብቸኝነትን በአንድ ወር ውስጥ ያመጣል፤ በተለይ ባሏ ለሞተባት፣ ልጆቿ ለራቋት፣ ደረጃ መውጣት ለማትችል ሴት።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ቤት ሲታደል ሦስትም አራትም ጎረቤታሞች በቡድን አንድ ሕንፃ ላይ እንመደብ ብለው ማመልከት ይቻላቸው። የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች ለንግድ ከመከራየታቸው በፊት ለሰፈሩ ሴቶች ይከፈቱ። ቤት ለቤት የሚሄዱት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ግፊት ሲለኩ «ማን አለሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አረጋውያን ሴቶችን አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል። የተጨነቀች ሴት ትመጣለች፣ ከአያቲቱ ጎን ትቀመጣለች፣ ችግሯን አንድ በአንድ ያፍታቱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ታካሚዎች ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክታቸው ከሌሎቹ ታካሚዎች በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። አዲስ አበባ ሰው የማዳመጥ ልምድ ያላቸው አረጋውያን ሴቶች ጎድለውባት አያውቅም። ሥልጠናና ትንሽ አበል፣ ምስጢር የመጠበቅ ደንብ፣ ችግሩ ሲከብድ ደግሞ ወደ ባለሙያ የሚልኩበት መንገድ ያስፈልጋቸዋል።

እኛም ከሌሎች አልጠበቅንም። የግቢያችን ሴቶች ዕድራቸው እንዳይፈርስ ተስማምተው ደንቡን እንደገና እያረቀቁ ነው፤ ጸሐፊያቸው እኔ ነኝ። ከወር መዋጮው የተወሰነው ለታክሲ ይውላል። ብቻቸውን የሚኖሩት ሴቶች በየማለዳው ከሁለት ሰዓት በፊት ይደወልላቸዋል፤ ስልክ ካልተነሣ ቅርብ ያለችው ትሄዳለች። አባል ስትታመም የሚከፈለው ገንዘብ ስትሞት ከሚከፈለው እንዳያንስ የሚለው አንቀጽ ላይ ገና ክርክር አለ። ወንዶች ወጥ ቤት ይግቡ የሚለው አንቀጽ በአንድ ድምፅ ብልጫ አልፏል። የእናንተ ዕድር በሕይወት ላሉ አባሎቹ እንዲህ ያለ ደንብ ካወጣ፣ በተለይ የሕክምናውን ገንዘብ እንዴት እንደወሰናችሁ ብትነግሩኝ ለሚቀጥለው ጉባኤያችን ይዤው እቀርባለሁ።